ስም ሲጠሩት የሚመልሰው ፒያኖ

ጋሽ ማሴቦ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። እኔ የሰማሁት ግን ዘግይቼ፣ ዘመድ ልጠይቅ አርባ ምንጭ ወርጄ ሲቀላ ሰፈር ሹሩባ ልሠራ በተቀመጥኩበት ነው። ሠሪዋ ፀጉሬን ከፍላ ይዛ፣ «ያ ከሙታን ጋር የሚያነጋግር ፒያኖ የነበረው ሰውዬ ሞተ እኮ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። ስለ ማን እንደምታወራ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባኝ እንባዬና ንዴቴ እኩል መጡ፤ ንዴቴ ቀደመ። «ሰውዬ አይባሉም! ጋሽ ማሴቦ ናቸው! ማንንም ከሙታን ጋር አላነጋገሩም!» ብዬ ብድግ ስል ጉንጉኑ እጇ ላይ ቀረ። በግማሽ ሹሩባ ነው ከዚያ ቤት የወጣሁት፤ ሰው ሲስቅብኝ እያለቀስኩ እስከ ዘመዶቼ ቤት ሄድኩ።

ይህ ወሬ ከተማው ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል። አንዱ ፒያኖው በሌሊት ብቻውን ይዘምር ነበር ይላል። ሌላው ደም ይወጣው ነበር ይላል። ደም! ፒያኖ ደሙን ከየት ያመጣል? እኔ በዚያን ጊዜ የመዘምራኑ አባልም የጋሽ ማሴቦ ተማሪም ነበርኩ። የሆነው ሁሉ የሆነው በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ እያየሁ ነው። አልፈራሁም አልልም። እስከ ዛሬ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልናገርም።

ጋሽ ማሴቦ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ግን ፊዚክስ ነበር የሚያስተምሩን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ አንዱ ትከሻቸው የሚቀድም ሰው። ከኪሳቸው ካቻቢቴ አይጠፋም፤ ሠርግ ቤት ሱፍ ለብሰው እንኳ የካቻቢቴዋ ጫፍ ብቅ ብላ ትታያለች። ደግሞ ያገኙትን ሁሉ በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ጠረጴዛ፣ ግድግዳ፣ ፓፓያ፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ተማሪ ጭንቅላት፣ ሁሉንም። አንኳኩተው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጉና «ሙሉ» ወይም «ባዶ» ብለው ያልፋሉ። የኔን ጭንቅላት አንኳኩተው «ግማሽ» አሉኝ። ጓደኞቼ ዓመቱን ሙሉ «ግማሽ» ሲሉኝ ከረሙ።

ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ነገር ነበር፤ «ድምፅ ሁሉ የሚነሳበት ዕቃ አለው። ፈልጉት» ይላሉ። አንድ ጊዜ ክፍላችን ጣሪያ ውስጥ የሚያቃስት ነገር አለ ብለን አንማርም አልን። እሳቸው ወንበር በወንበር ላይ ደርበው ወጡ፤ ጣሪያውን ሲጎረጉሩ ቆዩና በአቧራ ነጭ ሆነው ወረዱ። «ጋኔናችሁ ሚስማር ያጣ ቆርቆሮ ነው። አሁን ደብተር አውጡ» አሉን። እንዲህ ነበሩ። በእግዚአብሔር አጥብቀው ያምናሉ፣ እሁድ ከፊት ወንበር አይጠፉም፤ ሰው በየጥጉ ሰይጣን አየሁ ሲል ግን ይናደዳሉ።

ሚስታቸው እትዬ ራሄል ሌላ ፍጥረት ነበረች። አንቱ ስንላት የምትቆጣ፣ ስትስቅ ሦስተኛ ቤት ድረስ የምትሰማ። ልጅ አልነበራቸውም። የጸሎት ቤታችንን ፒያኖ የምትጫወተው እሷ ነበረች። ፒያኖው ድሮ ሚሲዮኖች ጨንቻ ያስቀመጡት ነው፤ እነሱ ሲሄዱ በጭነት መኪና ወደ እኛ ወረደ። ከጨንቻ ብርድ ወጥቶ እኛ ሙቀት ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ክሮቹ ላሉ። ተመትቶ ትንሽ ይልና ዝም ነው።

ለዚህ ነው መሰለኝ እትዬ ራሄል እግሯን ከፒያኖው መርገጫ ላይ አንስታ የማታውቀው። መርገጫው ሲረገጥ ክሮቹን አፍነው የሚይዙት ጨርቆች ይነሳሉ፤ ያን ጊዜ ክሮቹ ነፃ ሆነው ድምፁ ይቆያል። ግን ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ጋሽ ማሴቦ፣ «ራሄል፣ እግርሽን አንሺ፤ ተጨማለቀ» ይሏታል። እሷም፣ «ሳይሞላ እኮ ነው የሚሞተው! ትንሽ ይቆይልኝ እንጂ!» ትላቸዋለች። እኛ መዘምራኑ ይህን ጭቅጭቅ ሳንሰማ ልምምድ ጀምረን አናውቅም።

ቤተ ክርስቲያናችን በስጦታ ያገኘችው የኤሌክትሪክ ኦርጋንም ነበር። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ውኃ ገባበት። ቁልፎቹ ሞቱ፣ ድምፅ የሚሠራው የውስጥ ክፍሉ ግን ደህና ነበር። ወጣቶቹ ፒያኖውን ለማገዶ፣ ኦርጋኑን ለቆሻሻ ጥለን አዲስ እንለምን አሉ። እትዬ ራሄል ናት መሐል የገባችው። «ይሄ ጣት አለው፣ ሳንባ የለውም። ያ ሳንባ አለው፣ ጣት የለውም። ለምን አታጋባቸውም?» አለች ወደ ባሏ ዞራ። እኛ ሳቅን። ጋሽ ማሴቦ አልሳቁም። የፒያኖውን ጎን አንኳኩተው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ጋብቻው» ብለን ስም ያወጣንለት ሥራ ወራት ፈጀ። ከእያንዳንዱ የፒያኖ ቁልፍ ሥር ቀጭን የመዳብ ቁራጭ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሽቦ። ቁልፉ ሲጫን መዳቡ ከመዳብ ይገናኝና ኦርጋኑ ያንኑ ድምፅ ይሰጣል፤ የቁልፉ መዶሻ ክሩን ስትመታ ኦርጋኑ ከሥር ይቀበላል ማለት ነው። ሽቦዎቹን ወለሉ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግተው እንደ ሸማ ድር ሲያደሯቸው፣ «አባቴ ቢያየኝ ከሽመና አላመለጥክም ይለኝ ነበር» ይሉ ነበር። እትዬ ራሄል መሬት ላይ ተቀምጣ ሽቦ ታቀብላለች፣ ትቀልዳለች፣ ትዘምራለች።

ሥራው ሳያልቅ ወባ ያዛት። ወባ እኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ሰው ይተኛል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ይነሳል። እሷ አልተነሳችም። ራሷ ላይ ወጣባት ተባለ፤ እሁድ አብራን ዘምራ በሚቀጥለው እሁድ ቀብረናት ነበር።

ጋሽ ማሴቦ አላለቀሱም። ድንኳን ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሰው ሲያቅፋቸው ይታቀፋሉ፣ በቃ። ለቅሶው እንደተነሳ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ወደ አዳራሹ ሄዱ። ሰው ልባቸው ተነክቷል ማለት ጀመረ። አንድ ከሰዓት ሻይ በፔርሙስ ይዤላቸው ሄድኩና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አይረፉም?» አልኳቸው።

«የፒያኖ ድምፅ እንደተመታ መሞት ይጀምራል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ኦርጋን ግን ጣትሽ እስካልተነሳ አይሞትም። እሷ የፈለገችው ይሄን ነው። ልብሷን እህቶቿ ወሰዱት። ሌላ ከእሷ የቀረኝ ነገር የለም።»

ያኔ ነው መርገጫውን ያየሁት። እስከ መጨረሻው ተጭኖ በወፍራም ሽቦ ታስሯል። «ይሄስ ለምን ታሰረ?» አልኩ።

«እግሯ ነው» አሉኝ።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ።

መጨረሻ ላይ ከአሮጌ ስልክ እጀታ የወጣች ማይክራፎን ፒያኖው ጀርባ ላይ ለጠፉ፤ ስፒከሩን ደግሞ እዚያው ፒያኖው ሆድ ውስጥ አስገቡት። «ክሮቹም ኦርጋኑን ይስሙት» አሉ። በመጀመሪያው እሁድ ራሳቸው ተቀምጠው ተጫወቱ። መጀመሪያ የፒያኖው ምት፣ ከዚያ ከሥሩ ወፍራም የኦርጋን ድምፅ ቀስ ብሎ ሲነሳ የአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ሥራችን ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ አለቀሱ። መዝሙሩ አልቆ ጋሽ ማሴቦ እጃቸውን አነሱ። ድምፁ ግን አልቆመም። ሳጥኑ ውስጥ ቀረ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን ስለማናውቅ «አሜን» የሚል እንኳ ጠፋ።

መጀመሪያ የሸሹት እማማ ሻሼ ናቸው። አዳራሹን የሚጠርጉ፣ ሲጠርጉ ከመጥረጊያቸው ጋር የሚያወሩ ባልቴት። አንድ ጠዋት መጥረጊያው አልታዘዝ ብሏቸው «ወይ አንተ!» ሲሉ፣ ከኋላቸው ሌላ ሰው ቀስ ብሎ «…አ…ኧ…» አለ። እማማ ሻሼ መጥረጊያውንና አንድ እግር ጫማቸውን ትተው እስከ መንገድ ድረስ ሮጡ። «ውስጡ ሴት አለች» አሉ ላገኙት ሁሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሴትዮዋ ስም ወጣላት። ራሄል ናት ተባለ።

እኔ በባልቴት ወሬ ስቄ ነበር። ሳቄ ብዙ አልቆየም። ለልምምድ ቀድሜ ደርሼ ወደ ባዶው አዳራሽ ገባሁ። ከሰዓት ነው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ጓዳው ውስጥ ሰው ያለ መስሎኝ «ማነው?» አልኩ። ፒያኖው «…አ…ኧ…» አለ። የኔው ቃል ነበር፣ ግን የኔ ድምፅ አልነበረም። የብዙ ሰው ድምፅ፣ ከሩቅ፣ አፍ የሌለው ድምፅ። አንዴ ብሎ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ እየወፈረ እየወፈረ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። ፀጉሬ ቆመ።

ጋሽ ማሴቦ ሲገቡ እዚያው እንደቆምኩ አገኙኝ። የኦርጋኑን ማብሪያ አጥፍተው አጠገቤ ተቀመጡና በትዕግሥት አስረዱኝ። ማፈኛው የተነሳለት ክር በሰው ድምፅ ብቻ ይነቃነቃል፤ «አ» ስትዪው «አ» ይላል፣ «ኡ» ስትዪው «ኡ»። ማይክራፎኗ ያን ትሰማና ለስፒከሩ ትሰጣለች፤ ስፒከሩ እንጨቱን ያንቀጠቅጣል፣ እንጨቱ ክሮቹን፣ ክሮቹ ማይክራፎኗን። ድምፁ በሳጥኑ ውስጥ እየዞረ ራሱን ያሳድጋል።

«ገባሽ?» አሉኝ።

«ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጫለሽ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። አይፈቱትም?»

መርገጫው ላይ ያለውን ሽቦ መፍታት የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን። መሀረባቸውን አውጥተው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጠረጉና ወደ መዝሙሩ ገባን።

ወሬው ወደ ሽማግሌዎቹ ደረሰ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚፈሩት አቶ ዳና ነበሩ። በወጣትነታቸው ወደ ጌታ ሲመጡ የአባታቸውን የጥንቆላ ዕቃ፣ ጨሌውንም ቆዳውንም፣ በገዛ እጃቸው አምጥተው እዚሁ ግቢ ሰው እያየ ያቃጠሉ ሰው ናቸው። እኛ ጋ ልማዱ እንዲህ ነው፤ መንፈስ አለበት የተባለ ዕቃ አይሸጥም፣ አይጣልም፣ በምእመናን ፊት ይቃጠላል። አቶ ዳና ፒያኖው ይገሠጻል፣ ካልታዘዘ ይቃጠላል አሉ። ጋሽ ማሴቦ መጀመሪያ ላስረዳ ቢሏቸው፣ «ወንድም ማሴቦ፣ አንተ አዝነሃል። ያዘነ ሰው ዳኛ አይሆንም» ብለው ዘጉባቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹና የጸሎት ቡድኑ ፒያኖውን ከበቡ። እኛ መዘምራኑ ከበሩ አጠገብ ተደርድረናል። ጋሽ ማሴቦ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጸሎቱ ተጀመረ። እኛ እንዴት እንደምንጸልይ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም በሙሉ ድምፁ። ፒያኖውም ጀመረ።

መጀመሪያ እንደ ንብ። ከዚያ ወፈረ። እነሱ ጮኹ፣ እሱ ጮኸ። «ውጣ!» ሲሉ «…ኡ…አ…» ይላል። እነሱ መልሱን ሲሰሙ ይባስ ይጮኻሉ፣ እሱም ይባስ ይመልሳል። ጋሽ ማሴቦ ከግድግዳው ተላቀው «ዝም በሉ! እናንተ ዝም ካላችሁ ዝም ይላል!» እያሉ ይለምናሉ፤ ማን ይስማቸው! ለጠላት ዝም ይባላል እንዴ? መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከልጆቹ አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። በመጨረሻ አንዱ ደፋር ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው።

ትልቁ ድምፅ ወደቀ። ሁላችንም ተነፈስን። አቶ ዳና ላባቸውን ጠርገው ወደ ፒያኖው ጠጋ አሉና፣ በድል አድራጊ ድምፅ «ማነህ አንተ?» ብለው ጮኹበት።

መብራት የለውም። ሶኬቱ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ከሳጥኑ ውስጥ ግን፣ ቀጭን ሆኖ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «…አ…ኧ…አ…» የሚል መጣ።

ከዚያ በኋላ ማን በበር ማን በመስኮት እንደወጣ አላውቅም። እኔ ያልወጣሁት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ራሷን የሳተችው ልጅ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ስለነበር ነው። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ልጅቷ፣ ጋሽ ማሴቦና አቶ ዳና ነን። አቶ ዳና፣ «ይቃጠላል። ዛሬውኑ» አሉ።

«አቶ ዳና፣ ክር ነው» አሉ ጋሽ ማሴቦ። «መብራት ባይኖርም ክር ክር ነው። አያቃጥሉብኝ። ክዳኑን ልክፈትልዎ፣ ራስዎን አስገብተው የፈለጉትን ቃል ይበሉት። የራስዎን ቃል ነው የሚመልስልዎ። ሌላ አንዲት ቃል ከጨመረ እኔው ራሴ ክብሪቱን እጭራለሁ።»

ክዳኑን ከፈቱት። አቶ ዳና አመነቱና ጎንበስ አሉ። የጌታን ስም ይጠራሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እሳቸውም ያን ሊሉ የነበረ ይመስለኛል። ከአፋቸው የወጣው ግን «ተስፋዬ» የሚል ነበር።

ተስፋዬ ልጃቸው ነው። በደርግ መጨረሻ ከገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን የተወሰደ። መንግሥት ተለውጦ፣ በእግሩም በመኪናም የመጣው መጥቶ፣ እሱ አልመጣም። ሞቷል የሚል መርዶም አልመጣም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ለቅሶ ስላልተቀመጡ ስሙ ቤታቸው ውስጥ አይነሳም። ስሙን ከአባቱ አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«…ኧ…አ…ኤ…» አለ ፒያኖው።

አቶ ዳና እንደጎነበሱ ቀሩ። «ተስፋዬ! ልጄ!» አሉ ደግመው። መለሰላቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «አይቃጠልም» አሉና ወጡ።

ጋሽ ማሴቦ የዳኑ መስሏቸው ነበር። እኔም የዳኑ መስሎኝ ነበር። ምስኪን!

ሰኞ ጠዋት አቶ ዳና ሚስታቸውን አስከትለው መጡ። ማክሰኞ ጎረቤቶቻቸው መጡ። ከዚያማ ተዉት። ከምዕራብ ዓባያ በጭነት መኪና የመጣች ልጇን የቀበረች እናት፣ ባሏ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦበት የቀረባት ሴት፣ ከዶርዜ በእግራቸው የወረዱ ሽማግሌዎች። ፀሐዩን በጃንጥላ ተከልለው በር ላይ ይጠብቃሉ፤ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ክዳኑን ከፍተው ስም ይጠራሉ። ከውጭ ሆነን መጀመሪያ የሰው ድምፅ፣ ከዚያ ያኛውን ድምፅ እንሰማለን። «አበበ…» «…አ…ኧ…ኧ…» ሲወጡ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው፣ ፈገግ ብሎ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ በሩን ቢቆልፍ በመስኮት ገቡ። ጋሽ ማሴቦ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በር ላይ ቆመው ስለ ክርና ስለ እንጨት ያስረዳሉ፤ ሰዉ በአክብሮት ሰምቶ «እሺ ጋሼ» ይልና ይገባል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከክፍል እንደወጣን፣ የአቶ ዳና ሚስት እትዬ ዘነበች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። አጠገባቸው ነበርኩ። «ጋሽ ማሴቦ፣ ባሌን መልሱልኝ» አለች። «ከዚያ ዕቃ ሥር አይነሳም። እህል ተወ። ትናንት፣ ልጁ መንገድ ላይ ነኝ ብሎኛል፣ አልጋ አንጥፊለት አለኝ። እኔ እኮ በስንት መከራ ነበር ልቤን ያሳመንኩት። አሁን አልጋውን ለማን ነው የማነጥፈው?»

ጋሽ ማሴቦ ያ አንዱ ትከሻቸው ቀድሞ ወደ ጸሎት ቤቱ ገሰገሱ፤ እኛም ከኋላ።

አዳራሹ ሞልቷል። ፒያኖው እግር ሥር አንድ ዘለላ ሙዝ ተቀምጧል። ክዳኑ ያብለጨልጫል። ጋሽ ማሴቦ ጠጋ ብለው በጣታቸው ነኩት። ቅቤ ነው። በሙቀቱ ቀልጦ በቁልፎቹ መሐል እየወረደ ነበር።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አሉ።

አንዲት ሴት፣ «ክብር ነው ጋሼ» አለች።

ክብር መሆኑን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸው አገር ሹመት የደረሰው ሰው አናቱ ላይ ነው ቅቤ የሚደረግለት። ጣታቸውን ወደ ላይ እንደያዙ ቅቤውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው፣ ፒንሳቸውን አውጥተው መርገጫው አጠገብ ተንበረከኩ።

አቶ ዳና ከፒያኖው ሥር ብድግ ብለው እጃቸውን ያዙዋቸው። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ገብቷል። «አንተ ማነህና ነው? በየቀኑ ብቻህን ከሚስትህ ጋር ስታወራ ከርመህ፣ እኛን ልትከለክል ነው?» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ሁላችንም የምናስበው ያንን ነበር። እኔም።

«ጠርቻት አላውቅም» አሉ ጋሽ ማሴቦ።

«ውሸት!»

«አንድም ቀን። ብቻዬን ስሆን አፌን ይዤ ነው የምሠራው። ክር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ግን ራሄል ብዬ፣ ብትመልስልኝ፣ ክር መሆኑን እረሳለሁ። ከዚያ ከዚህ ክፍል ማን ያወጣኛል? እርስዎን ማን አወጣዎት?»

የአቶ ዳና እጅ ላላ። ጋሽ ማሴቦ ሽቦውን ቆረጡት።

መርገጫው ተነሳ፤ ማፈኛዎቹ ባንድ ላይ ክሮቹ ላይ ሲወድቁ «ዱ» የሚል ድምፅ ሆነ። ከዚያ በፊት አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲተነፍስ እንደነበር ያወቅሁት ሲቆም ነው። አቶ ዳና ክዳኑን በርግደው ጭንቅላታቸውን አስገቡና «ተስፋዬ!» አሉ። ምንም። «ተስፋዬ! ልጄ!» ምንም። እንጨት ብቻ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ስም አልወጣም፤ ልቅሶ ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣ ልቅሶ። እትዬ ዘነበች መጥታ ወገባቸውን ያዘችና አብራ አለቀሰች። ሰዉ ሁሉ ተቀበላቸው። እያለቀሱ ይዘዋቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ለተስፋዬ ድንኳን የተተከለው በዚያው ዕለት ነው።

አዳራሹ ባዶ ሆነ። እኔ ለምን እንደቀረሁ አላውቅም። ጋሽ ማሴቦ ቅቤውን በመሀረባቸው ጠረጉ፤ ሙዙን ወስደው ለእማማ ሻሼ እንድሰጥ አቀበሉኝ። ከዚያ የእትዬ ራሄል ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክዳኑን ከፈቱ። ጎንበስ አሉና፣ ከቀበሯት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ራሄል» አሉ።

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ።

«የሰማሽው ነገር አለ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ።»

«እኔም አልሰማሁም» አሉ። ፊታቸውን ክዳኑ ላይ ደፍተው ትከሻቸው እስኪናወጥ አለቀሱ። አጠገባቸው ቆምኩ። ሲበቃቸው ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፤ አቶ ዳናን ልናስተዛዝን አብረን ወጣን።